በጸበል የተነከረ ደብተር

«ይህ ጠልሰም ካልሆነ ምንድን ነው?» አሉ ቄስ ደባሱ፣ የልጃቸውን ደብተር በሁለት ጣታቸው አንጠልጥለው። ገጹ ላይ በጥቁር ማርከር የተቀባ ክብ አለ፤ ዙሪያውን ቀይና ቢጫ ቀለበት ከቦታል። ከሥሩ የተጠማዘዙ ክሮች ተደርድረዋል።

«ጥቁር ጉድጓድ ነው አባዬ» አለች የሺሃረግ። «የሞተ ኮከብ ነው። ወደ ውስጡ ይደረመስና ብርሃን እንኳ የማያስወጣ ይሆናል። ክሮቹ ደግሞ... ዓለም ሁሉ ከሥሩ ሲታይ እንደ በገና አውታር የሚርገበገብ ክር ነው የሚሉ ሊቃውንት አሉ። ገና አልተረጋገጠም።»

«ብርሃን የማይወጣበት ጉድጓድ እኔም አውቃለሁ። ሲኦል ይባላል።»

የልጃቸው የክፍል ጓደኛ ፀደይ በሩ አጠገብ ቆማለች። ያስጠሯት እሳቸው ናቸው። የትምህርት ቤቱ መምህር፣ ጋሽ እንዳለው፣ «ለሳይንስ ውድድር ወልድያ የምትሄደው የሺሃረግ ናት» ባሉ ዕለት፣ ቄሱን መንገድ ላይ ጠብቃ፣ መስቀል ተሳልማ፣ «አባ፣ የሺ ጠልሰም መሣል ጀምራለች» ያለቻቸው እሷ ናት። ቢበዛ ይቆጧታል ብላ ነበር።

የሺሃረግ ስታያት ፊቷ በራ። «ይኸው ፀዲ መጣች! ንገሪያቸው እስቲ። ቀለበቱን የቀባሽው አንቺ አይደለሽ?»

ቄስ ደባሱ ማን እንደነገራቸው አላወጡም። ፀደይን ትክ ብለው አዩዋት። «በይ ልጄ። የትምህርት ነው ካልሽኝ አሁኑኑ እመልስላታለሁ።»

ፀደይ ጥፍሯ ሥር የቀረውን ቢጫ ቀለም እጅጌዋ ውስጥ ደበቀች።

«እኔ አላውቅም አባ። ደብተሩን አይቼው አላውቅም።»

«ፀዲ?» አለች የሺሃረግ። ቀልድ መስሏት ፈገግታዋ ገና አልጠፋም ነበር።

ቄሱ ደብተሩን አላቃጠሉትም፤ የእግዜር ስም ተጽፎበት ቢሆንስ ብለው ፈሩ። ከነአኩቶ ለአብ ገዳም የተቀዳውን ጸበል ከጀሪካን ወደ ሳፋ ገለበጡና ነከሩት። ውሃው መጀመሪያ ቢጫ፣ ቀጥሎ ቀይ፣ በኋላ ጥቁር ሆነ። ለውድድሩ የተዘጋጀ የአራት ወር ሥራ ነበር። በዚያው ውሃ የልጃቸውን ፊት አጠቡ። የሺሃረግ ስታለቅስ ድምፅ አላወጣችም።

በማግስቱ ወሬው ከእሷ ቀድሞ ትምህርት ቤት ደርሶ ነበር።

«ጠንቋይዋ መጣች!» ሲል የክፍላቸው ልጅ የአብስራ ጮኸ። «ለፈተናም ክታብ ጻፊልን እንጂ!»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ፀደይም ሳቀች።

መምህር እንዳለው የሺሃረግ ባዶ እጇን መምጣቷን ሲያዩ ተከዙ። «እንግዲህ ፀደይ፣ አንቺ ትሄጃለሽ» አሉ።

ተማሪው ወደየቤቱ ሲበተን የሺሃረግ ክፍል ውስጥ ጠበቀቻት። «ትናንት ፈርተሽ ነው» አለቻት። «አባዬን ማን የማይፈራ አለ?» አዲስ ደብተር ዴስኩ ላይ ዘረጋችላት። «ሁሉም ጭንቅላቴ ውስጥ አለ። እኔ ልንገርሽ፣ አንቺ ጻፊ። ወልድያ ላይ የኔን ስም እንዳትጠሪ ብቻ፤ አባዬ ከሰሙ ከትምህርት ያስቀሩኛል።»

ፀደይ አፏን ከፈተች። «ለአባ የነገርኳቸው እኔ ነኝ» የሚለው ቃል ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር። የሺሃረግ ዓይኗ አብጦ፣ ጆሮዋ ሥር ያልለቀቀ ጥቁር ቀለም ይዛ፣ በትዕግሥት ትጠብቃለች።

ፀደይ እስክሪብቶውን አነሣችና በደብተሩ ሽፋን ላይ የራሷን ስም ጻፈች።

«እሺ» አለች። «ጀምሪ።»