አንቺን ማን አስገባሽ?

«እሷ ከገባች እኔ እወጣለሁ!»

የማኅደር ድምፅ አዳራሹን ሞላው። ከበሮው ቆመ። የሰንበት ትምህርት ቤቱ መዘምራን ወደ በሩ ዞሩ። በሩ ላይ የቆመችው ሀይሚ ዓይኗን ከመሬት አላነሣችም።

ሀይሚ ከመዝሙር ከጠፋች ዓመት አልፏታል። በዚያ ዓመት ቦሌ ፓርቲ ላይ ስትጨፍር የሲኤምሲ ሰፈር ልጅ ሁሉ በቲክቶክ አይቷታል። ማኅደር ግን አንድም ጾም አልገደፈችም፤ ከኪዳን ጸሎት አልቀረችም። ለመጪው ንግሥ መሪ ዘማሪ ሆና የተመረጠችውም ለዚህ እንደሆነ በልቧ ታውቃለች። ዛሬ ሀይሚ «ንስሐ ገብቻለሁ» ብላ ስትመጣ፣ መምህር ሀብቶም ምንም ሳይጠይቋት «ቦታሽ ያው ነው» አሏት። ቦታዋ ደግሞ ከማኅደር ጎን ነበር።

«ቢያንስ ትንሽ ትቆይ እንጂ፣ መምህር! እንዲህ ዝም ተብሎ ይገባል እንዴ?»

«አንቺን ማን አስገባሽ፣ ማኅደር?» አሉ መምህሩ ረጋ ብለው።

«እኔማ ከሕፃንነቴ ጀምሮ አንድ ቀን እንኳ ሳልቀር...»

«ስንት ጊዜ ቆየሽ አላልኩሽም። ማን አስገባሽ ነው ያልኩሽ።»

ማኅደር ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች።

ቤቷ ቅርብ ነበር፤ እግሯ ግን እምቢ አላት። የቤተ ክርስቲያኑን አጥር ተከትላ ወደ ላይ ሄደች፤ ተመለሰች፤ ደግሞ ሄደች። ልትጸልይ ሞከረች። «አቤቱ ጌታዬ» ብላ ጀምራ ሳታስበው የሀይሚን ኃጢአት ስትዘረዝር ተገኘች። እንደገና ጀመረች። አሁንም ያው። ጸሎቱ ክስ ሆነባት።

ሀይሚ ከግቢው ወጥታ ወደ ታክሲ መያዣው ስትመጣ ተገጣጠሙ። ዓይኗ ቀልቷል።

«አንቺ ተመለሺ» አለቻት። «ንግሡ ደርሶ ያላንቺ አይሆንላቸውም። እኔ ይቅርብኝ፤ ችግር የለም።»

ማኅደር አሸነፈች ማለት ነው። ደስታው ግን የት እንደገባ ጠፋባት።

«መጀመሪያስ ለምን መጣሽ?»

«የንስሐ አባቴ እግዚአብሔር ይቀበልሻል ሲሉኝ አመንኳቸዋ!» ሀይሚ አፍንጫዋን በእጇ ጠረገች። «እውነቱን ልንገርሽ? መንገድ ላይ ስመጣ እሱን አልፈራሁትም። የፈራሁት አንቺን ነው።»

ሚኒባስ መጥቶ ቆመ። «መገናኛ! መገናኛ!» ይላል ረዳቱ። ሀይሚ ገባች። ማኅደር እንደተገተረች አየቻት፤ ከዚያ በሩ ሊዘጋ ሲል ዘላ ገብታ አጠገቧ ተቀመጠች። ታክሲው ተነሣ።

«ምን ሆነሻል?» አለች ሀይሚ።

«ብቻዬን መመለስ አልችልም። ሁሉም ፊት እንደዚያ ጮኬ... በምን ዓይኔ? አብረሽኝ ግቢ።»

«አብደሻል እንዴ! እኔን ይዘሽ?»

«አይደለም። አንቺ ያዢኝ።»

ሀይሚ ወደ መስኮቱ ዞረች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፤ ትሳቅ ታልቅስ አይታወቅም። ማኅደር መልሷን አልጠበቀችም።

«ወራጅ አለ!»

«እንዴ! አሁን አይደል የገባችሁት?» እያለ ረዳቱ በሩን ከፈተ።

ሀይሚ ቀድማ ወረደች። አስፋልቱን ተሻግረው ወደ ግቢው ሲያቀኑ ማኅደር አልቀደመቻትም።