ያልታጠነ ወተት

የእርዳታ መጋዘኑ ኃላፊ ሙላቱ ረፋዱ ላይ ቢሮው ጠረጴዛ ላይ በግንባሩ ተደፍቶ፣ ሞቶ ተገኘ። አጠገቡ በጅምር የቀረ አንድ ኩባያ ወተት ነበር፤ የአይጥ መርዝ ተቀላቅሎበታል። የጅግጅጋ ፖሊስም ቀኑ ሳይመሽ ወንጀለኛ አገኘ፤ ወተት ሻጯን ዐዎን።

ንጋቷ ግን ነገሩ አልተዋጠላትም። ዩኒቨርሲቲ ወንጀል ምርመራ የምታጠና፣ ወደ ፖሊስ ጣቢያው ለልምምድ የተላከች የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ናት። የጣቢያው አዛዥ ሻምበል ደሬሳ የልምምድ ወረቀቷን ካልፈረመላት ምረቃ ብሎ ነገር የለም።

«ስሚ ልጄ፣» አላት ሻምበሉ፣ «ሴትዮዋ ነገ ሐረር እስር ቤት ትላካለች። አንቺም አርፈሽ ተመረቂ።»

«እንዲህማ አልመረቅም፣ ጓድ ሻምበል።»

ኩባያውን አንስታ ደጋግማ አሸተተችው። ከዚያ የመጋዘኑን ቁልፍ ያዥ ተሻለን ጠየቀችው።

«ዐዎ ከዕቃዋ ስትቀዳለት በዓይኔ አይቻለሁ፣» አለ።

«አንተስ ከእሷ ትጠጣለህ?»

«እኔ? ከእነሱ ወተት አፌን አስነክቼ አላውቅም!»

የጽሕፈት ሠራተኛዋ ኬሪያ ግን ሳቀች። «እኔ ያለ ዐዎ ወተት ቁርስ አይወርድልኝም። ይልቅ ትናንት ሙላቱና ተሻለ ተጣልተው ነበር። የእርዳታው ዱቄት ወተት ተሰርቆ ባቢሌ ገበያ ወጥቷል ብሎ ሙላቱ ጮኸበት።»

ንጋቷ ሁሉንም ሻምበሉ ቢሮ ሰበሰበቻቸው። ዐዎም እጇን ታስራ ቀረበች።

«ወላሂ፣ ዛሬ ሙላቱ ቢሮ አልደረስኩም!» አለች።

«ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው የያዝነው፣» አለች ንጋቷ። የዐዎን የወተት ዕቃ ከፍታ ለሻምበሉ አቀረበችለት። «ያሽትቱ። ዕቃው በፍም ይታጠናል፤ ወተቱ ጭስ ጭስ ይላል። አሁን ደግሞ የሟቹን ኩባያ።»

ሻምበሉ አሸተተ። ጭስ የሚባል ነገር የለውም።

«ይህ ከዐዎ ዕቃ አልወጣም፤ በውሃ የተበጠበጠ ዱቄት ወተት ነው። ዱቄቱ ያለው መጋዘን ውስጥ ነው። ቁልፉ የነበረው በሟቹና በተሻለ እጅ ብቻ ነው። ኬሪያ በዐዎ ልታሳብብ ብትፈልግ ጭሱን አትረሳውም፤ በየቀኑ ትጠጣዋለች። የሚረሳው ቀምሶ የማያውቅ ሰው ነው። ‹ስትቀዳለት በዓይኔ አይቻለሁ› ያለውም እሱ ብቻ ነው።»

ተሻለ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ። «ሊያሳስረኝ ነበር…» አለ በሰለለ ድምፅ።

ዐዎ ተፈታች። ሻምበሉ ግን የንጋቷን የልምምድ ወረቀት መሳቢያው ውስጥ ከተተው። «በሰው ፊት አዋርደሽኛል። አልፈርምም።»

ንጋቷ አልለመነችውም፤ ወጥታ ሄደች። ግቢው ውስጥ ዐዎ ወተት ቀድታ ሰጠቻት። ንጋቷ ሻምበሉ መስኮት ሥር ቆማ፣ ዓይን ዓይኑን እያየች፣ አንድም ጠብታ ሳታስቀር ጠጣችው።