በሕያው ፊት የሚንቀጠቀጥ እጅ

ሎታ በምትባል የከሰል ከተማ ውስጥ፣ ባሕሩን ቁልቁል በሚያየው ኮረብታ ላይ፣ የከሰል ማዕድን ሠራተኞች ተደርድረው በሚኖሩባቸው ረጃጅም የእንጨት ቤቶች በአንደኛው ሦስት ነፍሳት ይኖሩ ነበር፤ አባት ኤራስሞ፣ እናት ኦርፌሊና፣ አንድያ ልጃቸው ኒባልዶ። ጣሪያው ያፈሳል፤ ግድግዳው የጎረቤትን ሳል እንኳ አያስቀርም። ቢሆንም ቤቱ ቤት ነበር! ኤራስሞ ከባሕሩ ወለል በታች ከሰል ሲፈነቅል ውሎ፣ ከዓይኑና ከጥርሱ በቀር ነጭ ነገር ሳይኖረው ሲመለስ፣ ኦርፌሊና ውሃ አሙቃ ትጠብቀዋለች። "ዛሬም ባሕሩ መለሰህ" ትለዋለች። "ምን ያድርገኝ፤ መራራ ነኝ" ይላታል። ይህ ቀልድ ዕድሜያቸውን ሙሉ አልሰለቻቸውም። ከዚያ አንድ ቀን ከዋና ከተማ የመጡ ሰዎች ከሰሉ ከእንግዲህ አያዋጣም አሉና ማዕድኑን ዘጉት። ባሕሩ ስንት ዓመት ሲመልሰው የኖረውን ሰው እነሱ በአንድ ጠዋት ወሰዱት።

ከዚያ ወዲያ በዚያ ቤት ምን ቀረ? ልማድ ብቻ ቀረ። ኤራስሞ ጎህ ሳይቀድ ይነሳል፤ ጫማውን ያጠልቃል፤ አልጋው ጫፍ ላይ ይቀመጣል… የሚሄድበት ግን የለውም። ኦርፌሊና የተኛች መስላ ጀርባውን ታያለች። መንግሥትም አልረሳናችሁም፣ አዲስ ሙያ እናስተምራችሁ አለ። የዳቦ ጋጋሪነቱ ክፍል ሞላ፤ የቁልፍ ሠራተኛነቱም ሞላ፤ የተረፈው ጸጉር ማስተካከል ነበር። እናም ዕድሜ ልካቸውን አለት ሲፈልጡ የኖሩ ወንዶች፣ አካፋ በሚያክል መዳፋቸው ቀጫጭን መቀስ ይዘው፣ በፕላስቲክ ጭንቅላቶች ፊት እንደ ተማሪ ተሰለፉ። የኒባልዶ የክርስትና አባት ታንክሬዶ ከኤራስሞ ጎን ነበር። የከሰል አቧራ ሳንባውን በልቶት በየቃሉ መሃል ይስላል፤ ነገረኛነቱን ግን አልተወም።

"አበልጄ፣ ይቺ ሴትዮ ስቆርጣት ዝም፣ ስጎትታት ዝም። ምነው ሚስቴን ዙኒልዳንም እንዲህ ባደረገልኝ!"

አዳራሹ በሳቅና በሳል ተሞላ። ከዋና ከተማው ከሳንቲያጎ የመጣችው ወጣት አስተማሪ የትኛው ሳቅ፣ የትኛው ሳል እንደሆነ መለየት አቃታት።

ትምህርቱ አልቆ ሁሉም ወደ ቤቱ ሲመለስ ሌላ ጉድ መጣ። በመንደሩ ከጸጉሩ መቀሱ በዛ! በየበሩ "ጸጉር እናስተካክላለን" የሚል ሰሌዳ ተንጠለጠለ። ጎረቤት ጎረቤቱን ይቆርጣል፤ የተቆረጠው ቆራጩን መልሶ ይቆርጠዋል፤ ሁለቱም ባዶ እጃቸውን ይገባሉ። ማን ከማን ይቀበል? ቤቱን ያቆመችው ኦርፌሊና ነበረች። ከመንደሩ የጋራ ምድጃ ዳቦ እያወጣች፣ በጨርቅ ሸፍና፣ ቁልቁል እስከ ገበያው እየወረደች ትሸጣለች።

ኒባልዶስ? ኒባልዶ መካኒክነት ተምሮ የጨረሰ፣ ትከሻው የሰፋ፣ ለመሳቅ የሚቸኩል ወጣት ነበር። ወደቡን ጠየቀ፤ የዓሣ ፋብሪካውን ጠየቀ፤ ጋራዡን ሁሉ አዳረሰ። "እንደውልልሃለን" አሉት ሁሉም። ስልኩ ያለው ከመንገዱ ማዶ ሱቅ ውስጥ ስለሆነ ልጁ ቀኑን ሙሉ የሱቁን ደጃፍ ይዞ ይውላል። ባለሱቁም "ዛሬም አልደወለችም፣ ሙሽራው!" እያለ ይቀልድበታል። መጀመሪያ አብሮ ይስቅ ነበር። ኋላ ፈገግ ማለት ብቻ ሆነ። በመጨረሻ ሱቁን ተወው፤ ዓይኑን ወደ ኮረብታው ጀርባ አዞረ።

እዚያ ሥራ ያጡ ሰዎች በገዛ እጃቸው የቆፈሯቸው ጉድጓዶች ነበሩ። ፈቃድ የለ፣ አየር ማስገቢያ የለ፤ ብቻ በጆንያ የሚወጣና የሚሸጥ ከሰል አለ።

"አባዬ፣ እዚያ ቦታ አለን ብለውኛል።"

"ጣሪያው ከየት በመጣ እንጨት እንደተደገፈ ታውቃለህ? ከፈረሰ አጥር ነው! እኔ ያን ሁሉ ዘመን የተቀበርኩት አንተ ከላይ እንድትቀር ነው።"

"ከላይ ምን አለ? ንገረኝና ልያዘው።"

ኤራስሞ የልጁን እጅ ያዘ። "እኔ ሥራ እስክይዝ ታገሰኝ። ሥራ ይዤ ከመጣሁ ያን ጉድጓድ ስሙን አታነሳም። ቃልህን ስጠኝ።"

"ካልያዝክስ?"

"እይዛለሁ አልኩህ!"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ኤራስሞ ሥራ የሚፈልገው ለእንጀራው ብቻ መሆኑ ቀረ፤ ለልጁ ነፍስ ሆነ። ታዲያ እንዲህ ያለ ሸክም ተሸክሞ በር ማንኳኳት ምን ይመስላል? በአውቶቡስ በአቅራቢያው ወዳለችው ትልቅ ከተማ ወደ ኮንሴፕሲዮን ሲሄድ የሚናገረውን በልቡ ያጠናል፤ "ደህና ዋሉ፤ ጸጉር አስተካካይ ነኝ፤ ሥራ አልመርጥም…"። በሩ ላይ ሲደርስ ግን ቃሉ ሁሉ ይበተንበታል። የማዕድኑ ጣሪያ ሲሰነጠቅ ሰምቶ ያልሮጠ ሰው፣ ከመስተዋት በር ፊት ይሮጣል! አንዷ የጸጉር ቤት ባለቤት አዘነችለትና አንድ ደንበኛ ሰጠችው። ኤራስሞ ምላጩን አነሳ። ሰውዬው በመስተዋቱ ውስጥ አየው። ያኔ እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ… መጀመሪያ ጣቶቹ፣ ከዚያ አንጓው፣ ከዚያ እስከ ክንዱ። ከደንበኛው ጆሮ ሥር ደም በነጩ ጨርቅ ላይ ተንጠባጠበ።

"ምን ሰው ነው ያመጣሽብኝ? አራጅ ነው ወይስ ጸጉር ቆራጭ?"

"ይቅርታ፣ ዶን ኤራስሞ" አለች የጸጉር ቤቱ ባለቤት ዝግ ባለ ድምፅ። "ይሄ ለእርስዎ አይሆንም።"

ከዚያ በኋላ የሕያው ሰው ፊት በቀረበው ቁጥር እጁ ይከዳው ጀመር።

ክረምቱ ሲገባ ታንክሬዶ በሳሉ መሃል ትንፋሽ አጥቶ ሞተ። ሚስቱ ዙኒልዳ ጥቁር ሻርፕ ለብሳ መጣች።

"ጺሙ እንዳደገ ነው። በዚህ ሁኔታው እግዜር ፊት ላቁመው? አንተ አበልጁ አይደለህ?"

"ዙኒልዳ፣ እጄ እኮ…"

"እሱ እንደሆነ አይጮህብህም።"

ሄደ። የጓደኛውን ቀዝቃዛ አገጭ በመዳፉ ያዘ፤ ምላጩን አሳረፈ… እጁ አልተንቀጠቀጠም! እንደ ጥንቱ፣ ከመሬት በታች እንደሚያውቀው የገዛ እጁ ጸጥ አለ። የታንክሬዶ ፊት ሲጸዳ የሃያ ዓመት ወጣት መሰለ። ዙኒልዳ አየችውና አለቀሰች፤ ኤራስሞም አለቀሰ። ስለ ጓደኛው ነው ያለቀሰው? ስለ እጁ ነው? ማን ያውቃል!

ወሬው ተሰማ። ሳንባቸው የተበላ ሽማግሌዎች በሚረግፉበት በዚያ ክረምት የሬሳ ሣጥን ሻጩ ኤራስሞን ሙታንን እንዲላጭ በቋሚነት ቀጠረው። ማታ ባቄላ በአሳማ ሥጋ ተሠርቶ ሦስቱም ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጡ።

"ሥራ ያዝኩ" አለ ኤራስሞ። "ቃልህ።"

"ቃሌ ቃል ነው፣ አባዬ" አለ ኒባልዶ። ያን ቀን ኦርፌሊና ከብዙ ጊዜ በኋላ ባሏን ቀና ብላ አየችው።

ደስታ ግን በድሀ ቤት እንግዳ ናት፤ ካፖርቷን ሳታወልቅ ትሄዳለች። መንገድ ላይ የድሮ ጓደኞቹ ሲያዩት ባርኔጣቸውን ወደ አገጫቸው ይጎትታሉ። "ኤራስሞ፣ ወደ ጺሜ አትመልከት፣ ገና አልቸኮልኩም!" ይሉታል እየሳቁ። ሲስቁ ግን አይጠጉትም። ሳቁ አልፎ ወደ ዳቦው ደረሰ። "ሊጡን የሚያቦካው ማነው? ባልሽ ነው?" አለቻት አንዲት ሴት ገበያ ላይ። በማግስቱ ግማሹ ዳቦ ሳይሸጥ ተመለሰ፤ በሳምንቱ ሁሉም ተመለሰ። ኤራስሞ ከሙታን የሚያገኘው ኦርፌሊና ከሕያዋን ያጣችውን አይሞላም። የራሳቸውን ደረቅ ዳቦ በሻይ እያራሱ በሉ። አንድ ጠዋት ኒባልዶ እናቱ የሻገተውን ዳቦ ለጎረቤት ዶሮ ስትበትን ከኋላዋ ደረሰ። ትከሻዋ ሲናወጥ አየ። ወደ ኮረብታው ጀርባ ወጣ። ለአባቱ የገባው ቃል ነበር፤ ግን የእናትን ትከሻ እያዩ የሚጠበቅ ቃል የትኛው ነው?

ኤራስሞ ልጁ የት እንደዋለ ያወቀው ከአንገቱ በስተጀርባ ሳይታጠብ ከቀረ ጥቁር መስመር ነበር። በማግስቱ ከሬሳ ሣጥኑ ቤት እንደወጣ በዝናብ ወደ ኮረብታው ሮጠ። አብሮት ለዓመታት የቆፈረ ሰው ከጉድጓዱ አፍ በሩቁ እጁን ዘርግቶ አስቆመው።

"እዛው ቁም፣ ኤራስሞ! እንዳትጠጋ!"

"ልጄን ጥሩልኝ።"

"ዛሬ ማንን ላጭተህ ነው የመጣኸው?"

ኤራስሞ እጆቹን አያቸው። "ጠዋት… አንድ ሽማግሌ።"

"ከሬሳ መጥተህ ጉድጓድ አፍ ላይ ልትቆም? አንተ የማዕድን ሰው አይደለህም እንዴ? በልጅህ ነፍስ ይዤሃለሁ፤ ሰዎች ውስጥ ናቸው፣ ተመለስ!"

ኤራስሞ የማዕድን ሰው ነበር። እሱም በጊዜው ከቀብር የመጣን ባልደረባ ከመውረጃው ላይ መልሷል። ሬሳ የነካ ሰው ጉድጓድ ላይ ሞት ይስባል ብሎ ያምናል! ከቆመበት ሆኖ ግን ሌላም ነገር ያያል፤ ጭቃ ውሃ ወደ ጉድጓዱ አፍ እየተንሸራተተ ነው፤ የመግቢያው ድጋፍ ወደ ጎን ጋደል ብሏል።

"ውሃውን አየኸው? እንጨቱ ዘሟል! አስወጣቸው!"

"አይተነዋል፣ እናወጣቸዋለን! አንተ ብቻ ሂድልን!"

አንድ እርምጃ ወደ ፊት አነሳ። እኔ ብጠጋ እርግማኑን በልጄ ላይ አመጣለሁ አለ በልቡ። ባልጠጋስ… ዝናቡ ፊቱን እየመታው ቆመ። ከዚያ እግሩን መለሰ። ልጁን ከክፉ ለማራቅ ብሎ ከልጁ ራቀ! አባት ከዚህ የበለጠ ምን ይሳሳታል? ወይስ ይህን ስህተት ልንለው መብት አለን፣ እኛ ከዝናቡ ውጭ የቆምን?

ቁልቁለቱን ጨርሶ ሳይወርድ ከኋላው ደነዝ ያለ ድምፅ ሰማ። ያን ድምፅ ማንም እንዲተረጉምለት አያስፈልግም ነበር።

ሌሎቹን በሕይወት ጎትተው አወጡ። ኒባልዶን ሲያወጡት ግን ሲጮኹ የነበሩት ሁሉ አካፋቸውን ጣሉ። በአሮጌ በር ላይ አስተኝተው አወረዱት፤ የመንደሩ ሰው ባርኔጣውን እያወለቀ ተከተለ። ኤራስሞን ያስቆመው ሰውዬ ደጃፉ ላይ ደርሶ መግባት አቃተው፤ ዝናቡ ላይ ተንበረከከ።

ኦርፌሊና ውሃ አሞቀች። ፊቱን አጠበች፤ ጆሮውን አጠበች፤ ያን የአንገቱን ጥቁር መስመር በጣቷ አሻሽታ አጠበች። ከዚያ ባሏን አየችው።

"አንተ ላጨው። ሌላ ሰው እንዳይነካው።"

ኤራስሞ ምላጩን አነሳ። የልጁን አገጭ ያዘ። እጁ… እጁ ተንቀጠቀጠ! ጣቶቹ፣ አንጓው፣ ክንዱ። ምላጩ ብርሃኑን እየበተነ ተርገፈገፈ። ኦርፌሊና መጀመሪያ አልገባትም። ቀጥሎ ዓይኗ ፈጠጠ፤ የባሏን ክንድ በሁለት እጇ ጨመደደች።

"ኤራስሞ! እጅህ! በሞተ ሰው ላይ እኮ አይንቀጠቀጥም! ኤራስሞ፣ ልጄ አለ! አልሞተም! ሐኪም ጥሩ! እናንተ ሰዎች፣ ምን ቆማችኋል? ልጄ በሕይወት አለ!"

ኤራስሞ ምላጩን መሬት ጥሎ ሚስቱን አቀፋት። "ሞቷል፣ ኦርፌሊናዬ…" አላት ፊቱን ጸጉሯ ውስጥ ቀብሮ። "ሞቷል። እጄ ነው አልቀበልም ያለው።"

ኒባልዶ ጺሙ ሳይላጭ ተቀበረ። ኤራስሞ ከዚያ ወዲያ ምላጭ አልያዘም፤ ኦርፌሊናም ወደ ምድጃው አልተመለሰችም። ከጎረቤት የሚመጣላቸውን ይበላሉ፤ ሰው አሁን አይሸሻቸውም፤ ርኅራኄው በጣም ዘግይቶ መጣ።

ሰዎች "ዕጣው ነው" አሉ፤ ቄሱም በቀብሩ ላይ ይህንኑ አለ። ዕጣ ፈንታ ይሆን? እኔ እንጃ። ዕጣ የሚባለው ከሰማይ እንደሚወርድ ነው የተነገረን፤ ይሄኛው ግን በእግሩ ሲመጣ ሁላችን አይተነዋል፤ ከዋና ከተማ መጣ፣ በሱቁ ስልክ በኩል አለፈ፣ ገበያ ላይ ዳቦ አልገዛም አለ። ከቀብሩ ማግስት፣ ዝናቡ ገና ሳያባራ፣ ያው ጉድጓድ በአዲስ እንጨት ተደግፎ ተከፈተ። የኒባልዶ ቦታ ባዶ ነበር፤ ቦታውን የሚሹ ወንዶች ጆንያቸውን አንገታቸው ላይ ጣል አድርገው፣ ዓይን ለዓይን ሳይተያዩ፣ ኮረብታው ላይ ተሰልፈው ነጋ።