የፓምፑ መስመር

እኔ ስለ መንፈስ ሲወራ ሳቄ የሚቀድመኝ ሴት ነኝ፣ እናቴ እንኳ «አንቺ ልብሽ ድንጋይ ነው» ትለኝ ነበር፣ ይህን የምነግራችሁም ላስፈራችሁ ብዬ አይደለም፣ ከሆዴ አልወጣ ስላለኝ ነው።

በደርግ ጊዜ ነቀምቴ ዳር ባለ አንድ ኮሌጅ ስልክ አገናኝ ነበርኩ። ግቢው ሦስት ዓይነት መስመር ነበረው፣ አንዱ ቢሮ ከቢሮ የሚያገናኝ፣ አንዱ በቀጥታ ወደ ከተማው ስልክ ቤት የሚሄድ፣ ሦስተኛው ደግሞ እጀታ እየተዘወረ የሚደወልበት፣ በእንጨት ምሰሶ ላይ ተሰቅሎ ታች ወንዙ ዳር እስካለው የውሃ ፓምፕ የሚወርድ። ሁሉንም የዘረጉት ኦቦ ገመቹ ናቸው፣ እንደ አባቴ የማያቸው ሰው። ምሰሶ ላይ ወጥተው ሽቦ ባሰሩ ቁጥር የያዙትን ስልክ አያይዘው ይደውሉልኛል፣ «ኢንተላ ኮ፣ ይሰማል?» ይላሉ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፣ «ይሰማል ኦቦ» ካላልኳቸው ዝናብ ቢመታቸው እንኳ አይወርዱም።

ያን ዓመት ለውይይት ክበቡ ድምፅ ማጉያ ሽቦ ያስፈልጋል ተባለና የፓምፑን መስመር ኦቦ ራሳቸው ነቅለው፣ ጠቅልለው፣ ክበቡ እስኪሠራ ዕቃ ቤት አስገቡት። በሳምንቱ ሁለት ካድሬዎች መጡና «ለጥያቄ ይፈለጋሉ» ብለው ፒንሳውን ከእጃቸው ተቀብለው ወሰዷቸው። ሚስታቸው አዴ ወርቂቱ ያልሄዱበት የለም፣ ቀበሌ፣ ፖሊስ ጣቢያ፣ በጭነት መኪና እስከ አኖ ከተማ ድረስ፣ የትም የለም ነው መልሱ። ስልኩ ሁሉ በእኔ እጅ ስለሚያልፍ አንድ ቀን ወሬያቸው ወደ እኔ ይመጣል ብለው፣ ለባላቸው የቋጠሩትን ስንቅ እንደያዙ አጠገቤ ይውሉ ነበር።

አንድ ከሰዓት በኋላ ዝናብ ይጥላል፣ አብረን ተቀምጠናል፣ መስመሮቹን የማገናኝበት የስልክ ማዞሪያ ላይ የፓምፑ መስመር ትንሽ ክዳን ቀጭ ብሎ ወደቀ፣ መስመሩ ሲደወል ነው ያ ክዳን የሚወድቀው። እርጅና ነው ብዬ መለስኩት። ደግሞ ወደቀ። ገመዱን ሰክቼ ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ ሳደርግ ነፋስ ይሰማል፣ ሽቦ የሚመታ ነፋስ፣ ከዚያ፣ እመኑኝ፣ «ኢንተላ ኮ፣ ይሰማል?»

«ይሰማል ኦቦ! የት ነዎት?»

«ይሰማል?» አሉ እንደገና፣ አልሰሙኝም። ጉሮሮዬ እስኪደርቅ ጮህኩ። አዴ ወርቂቱ ማዳመጫውን ነጥቀው በኦሮምኛ ተጣሩ፣ ትንሽ አዳመጡና «ጭጭ ነው» ብለው ማዳመጫውን መለሱልኝ። እኔ ስይዘው ግን ኦቦ አሉ፣ ሳይቆጡ፣ እንደ ደከመው ሰው፣ «እንግዲያው እስክትመልሺልኝ እዚሁ እጠብቃለሁ።» ከዚያ ነፋሱም ጠፋ።

ማዞሪያውን ከኋላ ብከፍተው የፓምፑ ቦታ ላይ ሁለት ባዶ ብሎኖች ብቻ ናቸው። ዕቃ ቤት ሮጥኩ፣ ሽቦው እንደተጠቀለለ አቧራ ለብሷል። የሰማሁትን ስነግራቸው አዴ ወርቂቱ ስለ ሽቦው ምንም አልጠየቁኝም፣ «ማሊፍ?» አሉ እንጂ፣ «ለምን አልመለስሽለትም?»

ከዓመት በኋላ ዘመድ ተሰብስቦ ለቅሶ እንቀመጥ ሲል አዴ ወርቂቱ «እየጠየቀ ላለ ሰው እንዴት ይለቀሳል? ይህቺ ሰምታዋለች» ብለው በጣታቸው እኔን አሳዩ። ወንድማቸው ጓሮ ወስዶ «ዋሽቼ ነው በያት፣ እባክሽ፣ አልቅሳ ይውጣላት» አለኝ። አልዋሸሁም እኮ፣ ምን ልበላቸው? ደርግ ወደቀ፣ እስር ቤቱ ተከፈተ፣ ኦቦ ገመቹ አልመጡም፣ አዴ ወርቂቱም ጥቁር ሳይለብሱ አረጁ። ማዞሪያው ከተነቀለ ስንት ዘመኑ፣ ገበያ ላይ ሲያገኙኝ ግን ዛሬም ክንዴን ይዘው «ደወለ?» ይሉኛል፣ እኔም አልደወሉም እላቸዋለሁ።