ሠላሳ ስድስት ነጥብ ሁለት

ሚጢጢ በረዶውን ምላሷ ሥር አስገብታ ብርድ ልብሱን እስከ አፍንጫዋ ሳበች።

«ስንት ደቂቃ ነው ያልሽኝ?» አለች። አፏ ሙሉ ስለነበር ግማሹ ቃል ተዋጠ።

አለቃ አጠገቧ ባለው አልጋ ላይ እግሯን አጣጥፋ ጸጉሯን እየጎነጎነች ነበር። እጇ ባለበት ቀረ።

«እንዴ! የምርሽን ነው? እኔ እኮ ለጨዋታ ነው ያወራሁት።»

«ስንት ደቂቃ?»

«አራት። ግን ለምን?»

ከኮሪደሩ የትልቋ ሲስተር ጫማ ሲጥ ሲጥ ሲል ተሰማ። ያ ጫማ ደግነቱ ሁልጊዜ ከባለቤቱ ቀድሞ ይደርሳል።

አለቃ እውነተኛ ስሟ አይደለም። ሰባት ሳምንት ሙሉ እዚህ ክፍል ተኝታ፣ የትኛዋ ነርስ ደም ሥር በአንድ መርፌ እንደምታገኝ፣ የትኛው ሐኪም ጥያቄ ሲበዛበት እንደሚነጫነጭ፣ የትኛው ትራስ እንደሚሻል ጠንቅቃ ስላወቀች የወጣላት ቅጽል ነው። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ስሙን ወዳዋለች፤ እውነቱን ለመናገር ትንሽ ተኮፍሳበታለችም። ሚጢጢ ደግሞ አሥራ አራት ሊሞላት ሁለት ወር የቀራት፣ ግን የአሥር ዓመት ልጅ የምታክል ናት። ከመጣች ሦስተኛ ሳምንቷ ነው። አለቃ ያለችው ነገር ሁሉ ለእሷ ያለቀ የደቀቀ ነው።

ሲስተር ገቡና ቴርሞሜትሩን ከኪሳቸው አወጡ። «ውኃ ጠጥተሻል?» አሉ እንደ ልማዳቸው። ቀዝቃዛም ትኩስም ነገር የጠጣ ሰው ሩብ ሰዓት ሳይቆይ አይለካም።

«አልጠጣሁም» አለች ሚጢጢ። በረዶውን ውጣዋለች። አልዋሸችም፤ ስለ በረዶ ማን ጠየቃት?

ቴርሞሜትሩ አፏ ውስጥ ጥቂት ቆይቶ ጮኸ።

«ሠላሳ ስድስት ነጥብ አራት። ጎሽ!» ሲስተር ቁጥሩን ከአልጋው ግርጌ በተንጠለጠለው ካርድ ላይ ጻፉና ሌላ ወረቀት ዘረጉ። «ይኸውልሽ ደግሞ የሰኞው ደምሽ። አልተገኘም! ሐኪሙ ፈርመዋል፤ ዛሬ ወደ ቤትሽ ነሽ። ስድስት ሰዓት ላይ አንዴ ለክቼ እሸኝሻለሁ።»

እዚህ ክፍል የሚተኛ ሁሉ የሌላ ሰው ኩላሊት የተቀበለ ነው። ሰውነት አዲሱን እንግዳ እንዳይጣላው የሚሰጠው መድኃኒት፣ የሰውነትን ዘበኞችም አብሮ ያስተኛቸዋል። ያኔ ሌላው ሰው ውስጥ ዕድሜ ልኩን ድምፁን አጥፍቶ የሚኖር ቫይረስ ይነቃና ማን ከልካይ አለብኝ ይላል። ስለዚህ በየሰኞው ከእያንዳንዳቸው አንድ ብልቃጥ ደም ይወሰዳል። ሐሙስ ውጤቱ ይመጣል፤ ቫይረሱ ካለ ብዛቱ በቁጥር ይጻፋል፣ ከሌለ ደግሞ ያቺ የሁሉም ውድ ቃል፣ «አልተገኘም»። በመሃል ባሉት ቀናት የሚጠብቃቸው ቴርሞሜትሩ ነው።

የሚጢጢ እናት እየተጣደፉ መጡ። ጠያቂ አፍና አፍንጫውን ሸፍኖም ቢሆን ከበሩ አያልፍም፤ እሳቸውም እዚያው ቆመው በሁለት እጃቸው ሳም ሳም አድርገው ወደ ልጃቸው በተኑት።

«እሰይ! እሰይ የኔ ቆንጆ! በይ ልብስሽን ልበሺ፣ ወረቀቱን ጨርሼ መድኃኒትሽን ይዤ መጣሁ!»

ሚጢጢ እናቷ ኮሪደሩን እስኪታጠፉ ድረስ ፈገግታዋን ይዛ ቆየች። ከዚያ ለቀቀችውና ጥርሷ ይንቀጫቀጭ ጀመር።

«ብርድ ልብስሽን ታውሺኛለሽ?» አለች።

አለቃ ወስዳ ስትደርብላት እጇ የሚጢጢን አንገት ነካ። ሰውነቷ እሳት ነበር።

«አንቺ! ትኩሳት አለሽ!»

«ቀስ በይ፣ ይሰሙሻል!»

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከትናንት ከሰዓት። ቀላል ነው፤ ያልፋል። ደግሞ ደሜ ንጹሕ ነው ተባለ አይደል እንዴ? አልሰማሽም?»

«እሱ እኮ የሰኞ ደም ነው፣ ቂል! ሰኞ የነበረውን ነው የሚናገረው። ትኩሳቱ የመጣብሽ ረቡዕ። ስለ ዛሬው ደምሽ ማንም የሚያውቀው ነገር የለም።»

«አሁን ደግሞ ሐኪም ሆንሽብኝ?»

«ሰባት ሳምንት ብትተኚ አንቺም ትሆኛለሽ።»

ሚጢጢ አልሳቀችም። «ሰኞ ፈተና ነው» አለች። «የስምንተኛ ክፍል። ካልተቀመጥኩ ዓመቱን ልደግም ነው። ታናሽ እህቴ ሰባተኛ ናት፤ ገባሽ? ከታናሽ እህቴ ጋር አንድ ክፍል! ቤት ስንጣላ፣ ትምህርት ቤት ደግሞ እኩል ስንቀመጥ፣ አስቢው እስቲ። አራት ቀን ብቻ ነው የምፈልገው። ሰኞ ተፈትኜ ማክሰኞ ራሴ መጥቼ እነግራቸዋለሁ። ሙች!»

የአለቃም ፈተና ያመለጣት እዚሁ አልጋ ላይ ተኝታ ነው፤ የሚጢጢ ነገር ሳትነግራትም ይገባታል።

«በረዶ አምጪልኝ» አለች ሚጢጢ። «እኔ ከተነሣሁ እግሬ ሲንቀጠቀጥ ያዩኛል። አንቺ እኮ አድርገሽዋል። ምን ሆንሽ? ምንም አልሆንሽም!»

አለቃ ተነሥታ ወጣች።

ፍሪጁ ኮሪደሩ ጫፍ፣ ከነርሶቹ ክፍል ፊት ለፊት ነው። ከፈላ ውኃ የተሠራው በረዶ ለታካሚዎች ይቀመጣል፤ ማንም ወስዶ አፉን ያርስበታል፣ ማንም አይጠይቅም። አለቃ የበረዶውን ማስቀመጫ አወጣችና ይዛው ቆመች። ጣቶቿ ቀዘቀዙ።

ታሪኩን ለሚጢጢ ያወራችላት ሁለተኛው ቀን ላይ ነበር፤ ልጅቷ ከማልቀስ ብዛት ዓይኗ አብጦ ስለነበር ልታስቃት ብላ። በሁለተኛው ሳምንቷ ሠላሳ ስምንት ነጥብ ስድስት ደርሶባት፣ በረዶ ይዛ፣ ትልቋን ሲስተር ሠላሳ ስድስት ነጥብ ሁለት እንዳስጻፈቻቸው። ሲስተርን በእጇ፣ በአንገቷ፣ በጫማቸው ድምፅ ሳይቀር እያስመሰለች። ሚጢጢ ሆዷን ይዛ ሳቀች።

መጨረሻውን ግን ቆርጣ ነው ያወራችው። ሁልጊዜም ትቆርጠዋለች።

መጨረሻው እንዲህ ነው። ቤቷ ለመሄድ ቀን ተቆርጦላት ስለነበር አራት ቀን ደበቀችው። አምስተኛው ቀን ሰኞ ሆነና ደም ተወሰደ፤ ሐሙስ ካርዷ ላይ አርባ አንድ ሺህ የሚል ቁጥር ተጻፈ። ቫይረሱ በእነዚያ ቀናት እንደ ልቡ ተባዝቶ ኩላሊቷ ድረስ ገብቶ ነበር። ሦስት ሳምንት መድኃኒቱ በደም ሥሯ ተንጠባጠበ። ኩላሊቷም ተጎድቶ ነበርና አገገመ ለመባል ስንት ጊዜ ፈጀ። ያ ኩላሊት የአባቷ ነው። አባቷ ልብስ ሰፊ ነው፤ ቁስሉ ገና ሳይሽርለት መኪናው ላይ ጎንበስ ብሎ መስፋት ጀምሮ ነበር። ቁጥሩን ሲነግሩት ግድግዳውን ይዞ ቆመና፣ «ምንም ምልክት አልነበራትም እኮ፤ እንዴት አመለጠን?» አለ። ትልቋ ሲስተር፣ «የለካኋት እኔ ነኝ፤ እኔ ነኝ ያላየሁት» አሉ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሲስተር ማንንም ሲለኩ ቴርሞሜትሩን ሁለት ጊዜ ይመለከቱታል።

አለቃ ያን ሁሉ ስትሰማ ጣሪያ ጣሪያውን እያየች ዝም አለች። አምስት ሳምንት ሙሉ ዝም ብላለች።

አሁን አፍራለች። ማፈሯ ደግሞ ለካ አዲስ አይደለም፤ በሳቅ ሸፍናው ነው እንጂ። ሚጢጢ የሰማችው ግማሹን ነው፤ በግማሹም ነው አሁን ሕይወቷን የምታስይዘው። ሄዳ ለሲስተር ብትናገርስ? አሳባቂ ትባላለች። እሱን እንኳ ትችለዋለች። ነገር ግን ሚጢጢን አጋልጣ የራሷን እንደ ደበቀች ብትቀር፣ ያን አትችለውም።

በረዶውን መለሰችና ፍሪጁን ዘጋች። የነርሶቹን በር አንኳኳች።

«ሲስተር፣ አንዴ ወደኛ ክፍል ይምጡልኝ። እባክዎን አሁኑኑ።»

ባዶ እጇን ስትገባ ሚጢጢ ቀና አለች። «በረዶውስ?»

«አላመጣሁም።»

«ልታሳብቂብኝ ነው?»

«ያንቺን አይደለም። የራሴን ነው።»

ሲስተር ሲገቡ አለቃ ካርዷን ከአልጋዋ ግርጌ ፈትታ ቆማ ነበር። ወረቀቱ ብዙ ነው፤ ወደ ሁለተኛው ሳምንት ገለጠች። ቀና ብላ ተናገረች።

«ሲስተር፣ ይቺ ሠላሳ ስድስት ነጥብ ሁለት ውሸት ናት። በረዶ ይዤ ነበር። እውነተኛው ሠላሳ ስምንት ነጥብ ስድስት ነው። ቀጥሎ ያሉት ሦስት ቀኖችም እንደዚያው ናቸው። እርስዎ አላመለጠዎትም፤ እኔ ነኝ የደበቅኩዎት።»

ሲስተር በሥራ ሰዓት ሲቀመጡ አይታ አታውቅም። ወንበሩን ስበው ተቀመጡ።

«አምስት ሳምንት» አሉ ቀስ ብለው። «አምስት ሳምንት ሙሉ፣ ዓይኔ ደከመ እንዴ፣ ጡረታ ልውጣ እንዴ እያልኩ…» አልጨረሱትም። ተቆጥተው ነበር፤ ግን ትከሻቸው ወረድ ሲል አለቃ አየች።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«አባትሽ ያውቃል?»

«አያውቅም። ዛሬ ሲመጣ እኔው እነግረዋለሁ። ሌላ ሰው እንዲነግረው አልፈልግም።»

ሲስተር ከኪሳቸው እስክሪብቶ አወጡ። «እንግዲያው በእጅሽ አስተካክዪው» አሉ። «ጠዋት ጠዋት ካርዱን እያየ መድኃኒት የሚያዝ ሰው አለ።»

አለቃ አራቱን ቁጥሮች ሰርዛ፣ የምታስታውሳቸውን ከጎናቸው ጻፈች። ሚጢጢ ከብርድ ልብሱ ሥር ሆና እያንዳንዱን እንቅስቃሴዋን ስትከታተል ይታወቃታል። አለቃ አላየቻትም። እዚያ ክፍል ውስጥ ለመናገር የቀረው አንድ ሰው ብቻ ነበር። ሲስተር ለክተው ሳያውቁባት ቢወጡ ግን፣ ጓደኛዬ ብትሆንም ባትሆንም እናገራለሁ ብላ ቆርጣለች።

ሲስተር ተነሥተው ቴርሞሜትሩን ወደ ሚጢጢ አዞሩ። ሞኝ አይደሉም። «አንቺስ?» አሉ።

ሚጢጢ አለቃን ጠየቀች። «ስንት ደረሰ? ያንቺ ደም።»

«አርባ አንድ ሺህ።»

«ይሄን ለምን አልነገርሽኝም?»

«አፍሬ ነው።»

ሚጢጢ ከንፈሯን ነከሰች። ከዚያ ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ጠዋት በረዶ ነው የያዝኩት» አለች። «ውኃ አይደለም፤ በረዶ።»

ቴርሞሜትሩ ሠላሳ ስምንት ነጥብ ዘጠኝ አለ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ፈጣን ነበር። ሲስተር ሰኞን አልጠበቁም፤ ብልቃጡ እዚያው ሞላ፣ ላዩ ላይ «አስቸኳይ» ተብሎ ተጻፈበት። ሐኪሙ መጡና ደረቷን አዳመጡ፣ ትኩሳቱ መቼ እንደጀመራት ሦስት ጊዜ ጠየቋት። «ሁለተኛ ቀኑ ከሆነ ቀድመነዋል» አሉ። «ምንም ይሁን ምን፣ ገና ትንሽ እያለ ነው የምንይዘው።» ስለ ፈተናው ለትምህርት ቤቱ ደብዳቤ እንደሚጽፉ ተናገሩ፤ ትምህርት ቤቱ ምን እንደሚል ግን ቃል መግባት አልቻሉም። እናቷ የመድኃኒቱን ከረጢት እንደያዙ በሩ ላይ ቆመው አለቀሱ። ሻንጣው ተመልሶ ተፈታ።

ሚጢጢ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኛች። አለቃ ቢከፋትም አልጎተጎተቻትም። ሁለት ጊዜ ውኃ አቀበለቻት፤ ሚጢጢ ሁለቱንም ጊዜ ሳታያት ተቀበለች።

ከሰዓት በኋላ የአለቃ አባት ድምፅ ከኮሪደሩ ተሰማ፤ ከጥበቃው ጋር እየቀለደ ነው። ትከሻው ላይ የቀረውን ክር ሳያራግፍ እንደሚመጣ ታውቃለች። አለቃ ከአልጋዋ ወረደች፣ ግን በመሄድ ፈንታ አንሶላዋን ማስተካከል ጀመረች።

«ምን ትጠብቂያለሽ?» አለች ሚጢጢ፣ ፊቷን ከግድግዳው ሳታዞር። «ሂጂ ንገሪው። እኔን ስታስለፈልፊ እንደ አንበሳ ነበርሽ።»

አለቃ ወደ በሩ ሄደች። አባቷ ሊያቅፋት እንደማይችል ስለሚያውቅ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ሳቀላት።

«አባዬ» አለችው፣ «ኮሪደሩ ላይ ያለውን ወንበር ሳብና ተቀመጥ። ከመጀመሪያው ጀምሬ እስከ መጨረሻው ልነግርህ ነው።»