የጨርቅ ሰፈር

ፈትለወርቅ የሥራ ቀኗን የምትጀምረው ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት መንገድ ነው። በቴሌቪዥን ጣቢያው ዋና በር ትገባለች፣ ጥበቃዎቹን ሰላም ትላለች፣ ከካፍቴሪያው አንድ ብርጭቆ ሻይ ትገዛለች፣ ከዚያም ብርጭቆውን በጣቶቿ ጫፍ ይዛ ወደ ምድር ቤት የሚወስደውን ደረጃ ቀስ ብላ ትወርዳለች። በወረደች ቁጥር የመኪናው ጡሩምባና የሰዉ ድምፅ ከኋላዋ እየራቀ ሄዶ፣ ካሴት ክፍሉ ጋ ስትደርስ የሚሰማት የአየር ማራገቢያው ጉርምርምታ ብቻ ይሆናል። ክፍሉ መስኮት የለውም። ከወለል እስከ ጣሪያ በብረት መደርደሪያ የታጨቀ ነው፤ ያረጀ ካሴት ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይላል፣ ያ ሽታ ከልብሷ አልፎ ፀጉሯ ውስጥ ከገባ አሥራ ሰባት ዓመት ሆኖታል። የብረት በሩ የውስጥ እጀታ ተነቅሎ የሚጠግነው ስላልተገኘ፣ እንዳይዘጋባት አንድ ከባድ ካርቶን ሁልጊዜ ተደግፎት ይውላል።

በዚያ ሳምንት ለጣቢያው የምሥረታ በዓል እንዲቀርብ አንድ የድሮ የልጆች ፕሮግራም ወደ ኮምፒዩተር እንድትገለብጥ ታዘዘች። የካሴቶቹን ልባስ አቧራ በመሃረቧ ጠረግ አድርጋ ስሙን ስታነብ ብቻዋን ፈገግ አለች፤ «የጨርቅ ሰፈር»። ልጅ ሳለች በሰፈራቸው ቴሌቪዥን የነበራቸው አንድ ጡረተኛ መቶ አለቃ ብቻ ነበሩ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሰፈሩ ልጆች ጫማቸውን ደጃፋቸው ላይ ደርድረው፣ ቀዝቃዛው ሲሚንቶ ላይ ተደራርበው እየተቀመጡ እትዬ ጥጥን ይጠብቃሉ። እትዬ ጥጥ ፀጉሯ የተባዘተ ጥጥ፣ ዓይኖቿ ሁለት የካፖርት ቁልፎች፣ አፏ ከቀይ ከፋይ የተሰፋ አሻንጉሊት ናት። ከተቀባ የካርቶን ቤቷ ደጃፍ ብቅ ብላ ስቱዲዮ ውስጥ አግዳሚ ላይ የተቀመጡትን ልጆች ስትቆጣ፣ ስታሾፍ፣ ተረት ስትነግር ቆይታ፣ ሊያልቅ ሲል ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ትጠይቃለች። «በሉ እንግዲህ፣ ከእኔ ጋር የሚቀረው ማነው?» ልጆቹ በሙሉ «እኔ! እኔ!» እያሉ ይንጫጫሉ፤ ከዚያ ዘፈኑ ይመጣና ሁሉም እየዘለሉ ይወጣሉ።

ካሴቶቹ የተደረደሩት የመጨረሻው ከላይ፣ የመጀመሪያው ከታች ሆነው ስለነበር ፈትለወርቅ ከመጨረሻው ጀመረች። ሰኞ ዕለት በደስታ አየችው፤ ዘፈኑንም አብራ አንጎራጎረች። ልጆቹ ወጥተው ካለቁ በኋላ ግን ምስሉ እንደመጥፋት ባዶውን ስቱዲዮ እያሳየ ቀጠለ። በካርቶኑ ቤት ትንሽ መስኮት ውስጥ የአንዲት ልጅ ፊት ተስሏል። ፈትለወርቅ እንዲህ ያለ ሥዕል አላስታወሰችም፤ ሆኖም ስንቱን ረስቻለሁ ብላ ካሴቱን ቀየረች።

ከሰዓት በኋላ ጋሽ ዳምጠው የሚመለስ ካሴት ይዘው ወረዱ። ጡረታ ሊወጡ ሦስት ወር የቀራቸው፣ በወጣትነታቸው የስቱዲዮ ጌጥ ሠራተኛ የነበሩ ሰው ናቸው።

«ጋሽ ዳምጠው፣ የጨርቅ ሰፈርን ቤት የሳሉት እርስዎ ነዎት አይደል? መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ እንዴት ታምራለች።»

ሽማግሌው ካሴቱን ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጡ እጃቸው ዘገየ።

«መስኮቱ ላይ ሰው አልሳልኩም» አሉ። ቴሌቪዥኑን ግን ቀና ብለው አላዩትም። «ቶሎ ጨርሰሽ አስረክቢ፣ ልጄ። ብዙ አትቆዪበት።»

ማክሰኞ ወደ ኋላ ቆጥራ ስድስተኛውን ካሴት ስትከፍት፣ ልጆቹ ወጥተው ምስሉ ባዶውን ስቱዲዮ ሲያሳይ፣ ፊቱ መስኮቱ ላይ አልነበረም። ልጅቷ የካርቶኑ ቤት ደጃፍ ላይ ቆማለች። ነጭ አንገትጌ ያለው ጥቁር ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳለች፤ እጆቿ ጎኖቿ ላይ ተጣብቀዋል። ካሴቱ እስኪያልቅ ድረስ ፈትለወርቅ ዓይኗን ሳትነቅል ብታይም ልጅቷ አልተንቀሳቀሰችም፤ ብቻ ደረቷ ሮጦ እንደመጣ ሰው ቶሎ ቶሎ ከፍ ዝቅ ይላል። ረቡዕ ደግሞ፣ ካሴቶቹ ይበልጥ ወደ ኋላ በሄዱ ቁጥር፣ ልጅቷ ከቤቱ እየራቀች ወደ አግዳሚው ቀረበች። በየካሴቱ ያሉት ሌሎች ልጆች ይለያያሉ፤ አንዱ ወር ወፍራም ሹራብ ለብሰው፣ ሌላው ወር ለበዓል ተላጭተውና ተሠርተው ይመጣሉ። እሷ ግን ያችው ናት፣ በዚያው ቀሚስ። ዓመት ወደ ኋላ ተመልሶም አላነሰችም፣ አላደገችም። ፈትለወርቅ ማራገቢያውን አጥፍታ ድምፁን ከፍ ስታደርግ፣ ከባዶው ስቱዲዮ ጭር ማለት ሥር አንድ ቀጭን፣ ተቆራርጦ የሚመጣ ትንፋሽ ሰማች። ያን ቀን ሻይዋ ሳትጠጣው ቀዘቀዘ።

ሐሙስ ጧት መደርደሪያው ላይ የቀረ የጨርቅ ሰፈር ካሴት አልነበረም። ዝርዝሩ ላይ ግን አንድ ይጎድላል። ክፍሉን ስታምስ አርፍዳ፣ ወደ ስድስት ሰዓት ግድም ያልፈተሸችው በሩን የተደገፈው ካርቶን ብቻ መሆኑ ትዝ አላት። ጎንበስ ብላ ወደ ብርሃኑ ጎተት አደረገችው። ካሴቱ ከሁሉም ሥር፣ በጋዜጣ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ገና እያወጣችው ሳለ በሩ ከኋላዋ ከብዶ ተንቀሳቀሰና፣ ደረቷ ውስጥ እስኪሰማት ድረስ ክፍሉን አናግቶ ተዘጋ።

እጀታው የነበረበትን ቀዳዳ በጣቷ ቆፈረች፣ በመቀስ ሞከረች፣ በመዳፏ ደበደበች። ምሳ ሰዓት ስለሆነ ኮሪደሩ ላይ ሰው የለም። ስልኳ የሚሠራው በሩ ጥግ ብቻ ነበርና እዚያ ተለጥፋ ለጋሽ ዳምጠው ደወለች።

«ከግቢ ወጥቻለሁ፣ ልጄ። በሃያ ደቂቃ እደርሳለሁ» አሉ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ፣ «ካሴት እየሠራ ከሆነ አጥፊው» ብለው ዘጉ።

ሃያ ደቂቃ ብዙ አይደለም ስትል ራሷን አጽናናች። ወንበሯ ላይ ተመልሳ ተቀመጠች። እጇ ላይ ያለውን ካሴት አገላብጣ አየችው፤ ማየት የማትፈልገውን ነገር ሳታይ ከሱ ጋር ተዘግቶባት መቀመጥ የባሰ ሆነባትና ከተተችው።

ቀኑን ወዲያው አወቀችው። ሰባት ዓመቷ ሳለ እናቷ አንድ ጊዜ ስቱዲዮ ወስዳት ነበር፤ የመብራቱን ሙቀትና ሲወጡ እጇን አጥብቆ የያዘውን የእናቷን እጅ ብቻ ታስታውሳለች። አግዳሚው ላይ ከልጆቹ መሃል ነጭ አንገትጌ ያለው ጥቁር ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳ የተቀመጠችው ራሷ ናት። ከስታለች፤ ከንፈሯ ጠቆር ብሏል። እትዬ ጥጥ ተረቷን ጨርሳ ጥያቄዋን ጠየቀች፤ ልጆቹ «እኔ! እኔ!» አሉ። ትንሿ ልጅ ብቻ አፏን አልከፈተችም። አሻንጉሊቷ ወደ እሷ ጎንበስ ስትል ልጅቷ በፍርሃት ራሷን ነቀነቀች። ያን ጊዜ እትዬ ጥጥ ቀና ብላ፣ ከካሜራው ኋላ የቆመን ሰው ፈቃድ የምትጠይቅ ይመስል በቁልፍ ዓይኖቿ አሻግራ አየች፤ ጥቂት ጠበቀችና ቀስ ብላ ራሷን በእሺታ ነቀነቀች።

ዘፈኑ መጣ። ልጆቹ ተነሡ። በግርግሩ መሃል የፈትለወርቅ እናት፣ ወጣት፣ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ መጣችና የአንዲት ሰማያዊ ቀሚስ የለበሰች ልጅ እጅ ይዛ ፈጠን ፈጠን እያለች ወጣች። አግዳሚው ሲራቆት፣ ከንፈሯ ጠቆር ያለው ሌላዋ ሰማያዊ ቀሚስ የለበሰች ልጅ እንደተቀመጠች ቀርታለች።

ፈትለወርቅ ወንበሯን ወደ ቴሌቪዥኑ አስጠጋች። የወጣሁት እኔ ነኝ፣ አለች በልቧ። እናቴ እጄን ይዛኝ ነበር፤ አስታውሰዋለሁ። የቀረችው እኔን የምትመስል ሌላ ነገር ናት።

መብራቱ የጠፋው ያን ጊዜ ነው። የኮምፒዩተሩ መብራት ጠፋ፣ ማራገቢያው እያቃሰተ ቆመ፣ ጨለማው ከመደርደሪያዎቹ መሃል ወጥቶ ክፍሉን ሞላው። ቴሌቪዥኑ ብቻ አልጠፋም። ልጅቷ ከአግዳሚው ተነሥታ፣ ወደ በሩ ሳይሆን ወደ ካሜራው መጣች፤ ፊቷ መስታወቱን እስኪሞላው ድረስ ቀረበችና ከውስጥ በጣቷ ጫፍ መታ መታ ታደርገው ጀመር። አትጮኽም። ብዙ ጊዜ ያንኳኳ፣ የሚከፍትለትም ያጣ ሰው እንደሚያንኳኳው፣ በትዕግሥት ነው።

ፈትለወርቅ በዳበሳ በሩ ጥግ ደርሳ ጀርባዋን ለቴሌቪዥኑ ሰጠች። የሰው ድምፅ መስማት ነበረባት። እናቷ ዘንድ ደወለች።

«እማዬ፣ ትሰሚኛለሽ?»

«እሰማሻለሁ። ድምፅሽ ምን ሆኗል?»

«ምንም አልሆንኩ። በር ተዘግቶብኝ ነው፤ ሊከፍቱልኝ እየመጡ ነው። የጨርቅ ሰፈርን ካሴት እያየሁ ነበር… እኔና አንቺ የሄድንበትን ቀን።»

እናቷ ቤት ይሰማ የነበረው ሬዲዮ ጠፋ። ወንበር ሲንሸራተትና አሮጊቷ ከብዷት ስትቀመጥ ተሰማ።

«ሐኪሞቹ ልቧ ደክሟል፣ ለፋሲካ አትደርስም ብለውኝ ነበር» አለች እናቷ።

«እኔ? እኔ ልቤን ታምሜ ነበር?»

«አንቺማ አንድ ቀን እንኳ ታመሽ አታውቂም።»

ከኋላዋ መታ መታው ቆመ። ጨለማው ውስጥ የሆነ ሰው ጆሮውን የቀሰረ መሰለ። ፈትለወርቅ ግንባሯን ቀዝቃዛው ብረት ላይ አስደገፈች፤ እናቷም በእነዚህ ሠላሳ ስምንት ዓመታት ለእሷ አንድም ጊዜ አውጥታው በማታውቀው የራራ ድምፅ፣ «ልጄ ደህና ናት?» ስትል ጠየቀቻት።