ውኃ የተከለከለው ሙክት

ደባሱ ሙክት በማድለብ የታወቀ ሰው ነው። ከላሊበላ ወደ ነአኩቶ ለአብ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለችው መንደሩ፣ በግ አስሮ ማደለብ የጀመረ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነበር። እሱም ምክሩን አይነፍግም። «ፍሩሽካ በላይ በላዩ ስጠው። ድርቆሽ ሆድ ይሞላል እንጂ ጮማ አይሆንም። ውኃማ አታብዛ፤ ውኃ ያበዛ ሙክት ሥጋው ይላላል» ይላል።

ዘንድሮ ሁለት ሙክቶች ያሰረው ለልጁ ለፋና ሠርግ ነው። ጥምቀት አልፎ ሠርጉ ጥቂት ቀን ሲቀረው ግን ቀዩ ሙክት መብል ተወ። ይተኛል፣ ይነሳል፣ ጥርሱን እያፋጨ ያምጣል።

ሚስቱ አሰለች ጎንበስ ብላ ሆዱን ዳሰሰች። «ይኼ በግ እኮ ሽንቱ እንቢ ብሎታል። እየው፣ መሽኛው ላይ ያለው ጠጉር አሸዋ የመሰለ ነገር ደርቆበታል። ሐኪም እንጥራ።»

«ሆዱ ደርቆ ነው» አላት ደባሱ። «ስንቱን ሙክት ሳደልብ የኖርሁትን ሰው በግ ልታስተምሪኝ ነው? ተልባ እንጋተው፤ ይለቀዋል።»

ተልባውን ጋቱት። ሲያምጥ ዋለና አመሻሹ ላይ ጸጥ አለ። «አላልሁሽም?» አለ ደባሱ ደስ ብሎት። በማግሥቱ ግን በጉን ሆዱ ከሥር እንደ አቁማዳ ተነፍቶ፣ ዓይኑ ፈዝዞ ተዘርሮ አገኙት። አሰለች ከእንግዲህ የባሏን ፈቃድ አልጠበቀችም፤ ለእንስሳት ሐኪሟ ለማኅሌት ደወለች።

ማኅሌት ሞተር ብስክሌቷን አቁማ ስትገባ ደባሱ ቢላዋ ይስላል። «ሳይሞት ይባረክ፤ ሥጋው ለሠርጉ ይሆናል።»

ሐኪሟ የበጉን ሆድ ዳበሰች። «አባቴ፣ ቢላዋውን ያስቀምጡ። ፊኛው ፈንድቷል፤ ሽንቱ ሰውነቱ ውስጥ ፈስሷል። ይኼን ነው ለሠርገኛ የሚያቀርቡት?»

ደባሱ ቢላዋውን አስቀመጠ። «ምን ነካው?»

«ምን ያበሉታል?»

«ፍሩሽካ ነዋ! አንድም ቀን አላጓደልሁበትም።»

«ድርቆሽስ? ውኃስ?»

ደባሱ ባዶውን የውኃ ገንዳ አየ።

«ፍሩሽካ ፎስፈረስ የሚባል ማዕድን ይበዛበታል፤ ካልሲየሙ ግን ትንሽ ነው» አለች ማኅሌት። «በዚህ ላይ ውኃ ሲያንስ፣ የተረፈው ማዕድን ፊኛ ውስጥ ጠጠር ይሠራል። የሙክት የሽንት መውጫ ደግሞ ጠባብ ስለሆነ ይዘጋል። መኖው መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ ብቻውን ስለሆነ ነው።»

ይህን እየተናገረች ሳለ ሁለተኛው፣ ነጩ ሙክትም ማማጥ ጀመረ። አሰለች ጮኸች።

«ይያዙልኝ!» አለች ሐኪሟ። ደባሱ በጉን በቂጡ አስቀምጦ ደረቱ ላይ አስደገፈው። ማኅሌት መድኃኒት ወጋችውና ከብልቱ ጫፍ ላይ ክር የመሰለችውን ቀጭን ሥጋ በመቀስ ቆረጠች። ጠጠሩ የተሰነቀረው እዚያች ላይ ነበር። ደባሱ የበጉን ልብ ምት በገዛ ደረቱ እየሰማ አጥብቆ ያዘው። መጀመሪያ ደም የቀላቀለ ጠብታ ወረደ፤ ከዚያ ሽንቱ ተንዠቀዠቀ።

«ተመስገን!» አለች አሰለች።

«ገና ነው፤ ሊመለስበት ይችላል። ፍሩሽካውን ቀንሱ፤ ድርቆሹን አብዙ። ጨው አስልሱት፣ ውኃም ከፊቱ አይጥፋ፤ በውርጭ ጠዋት ለብ አድርጉለት። ደግሞ የማዕድን ዱቄት ከገበያ ገዝታችሁ በዘፈቀደ እንዳትጨምሩ፤ መብዛቱም እንደ ማነሱ ይገድላል። መድኃኒት ስለወሰደ ለሠርጉ አይታረድም።»

ቀዩን ማትረፍ አልተቻለም። ደባሱ ቀብሮት ሲያበቃ ነጠላውን አነሣ።

«የሠርግ ሥጋ ፍለጋ ነው?» አለች አሰለች።

«እሱ ይደርሳል። ምሥጋናው ጋ ልድረስ። እሱም በእኔ ምክር ነው በጎቹን የሚያስጠማው።»

ጎረቤቱ ምሥጋናው የመጣበትን ሰምቶ ግራ ገባው። «አያ ደባሱ፣ ውኃ አታብዛ ያልኸኝ አንተው አይደለህ?»

«እኔው ነኝ። ተሳስቼ ነው፤ በግ ቀብሬ መምጣቴ ነው። በል፣ ውኃ ቅዳ።»

ደባሱ ምሥጋናው ሲቀዳ ቆሞ አየ፤ ከዚያ ምክሩን ወደሰጣቸው ሌሎች ቤቶች አመራ። ፋና የተዳረችው በጥቂት ሥጋና በብዙ ሽሮ ነበር። «የታሉ ሙክቶቹ?» ብሎ ለጠየቀው ሁሉ ደባሱ ምክንያቱን አልደበቀም።

ወገኖቼ፣ እንስሳ የሰጠነውን ይበላል፤ የነፈግነውን ግን አፍ አውጥቶ አይጠይቅም። የሚያውቅ ሰው ጠይቀን የመመገብ ግዴታው የእኛ ነው፤ ስንሳሳትም፣ እንደ ደባሱ፣ ስህተታችን ጎረቤትን ሳይጎዳ ቀድመነው እንድረስ።